ኦሪቱ በመረቡ ላይ ነው፤ አንባቢውስ የት ነው?

“ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ” ይላሉ አበው። ዛሬ ቦንጋ ላይ ስልክ በእጁ የያዘ ተማሪ፣ መብራትና ኔትወርክ ከፈቀዱለት፣ ፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡ የግእዝ ብራናዎችን ገጽ በገጽ ሊያገላብጥ ይችላል። ከነዚህ ብራናዎች መካከል ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን በጸሎት ቤቶቻቸው ሲገለገሉባቸው የኖሩ ጽሑፎች ይገኛሉ። ከአንድ ትውልድ በፊት ይህን ለማድረግ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ቪዛና የፕሮፌሰር ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ የሚያስፈልገው የጥቂት ብር ካርድ ነው። ለዚህ ሥራ ምስጋና ይገባል። ሆኖም አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል፤ መጽሐፉ በመረቡ ላይ ወጣ፣ የሚያነበውስ ማን ነው? ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

“የካፋ ሰው ስለ ጎንደር ቤተ እስራኤላውያን ምን አገባው?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ በ1830ዎቹ መጨረሻ ወደ አገራችን ገብቶ ለአሥር ዓመት ያህል ሲዘዋወር፣ በ1843 ከእናርያ ተነሥቶ ቦንጋ ደርሷል። ከሰሜን ስንወጣ ከ200 በላይ የግእዝ ብራናዎችን ሰብስቦ ወደ አገሩ ወሰደ፤ ዛሬ በመረብ ላይ የምናያቸው እነዚያን ነው። ከካፋ ግን የወሰደው ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የጻፈውን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የካፋ ሊቃውንት እውቀት በቃል እንጂ በብራና አልተቀመጠም ነበርና። የሁለቱ ሕዝቦች ትዝታ በአንድ ሰው ሻንጣ ወደ አንድ አገር ተሻገረ። የአንዱ መጽሐፍ ሆኖ፣ የሌላው ደግሞ የተጓዥ ትረካ ሆኖ።

መሬትና መጽሐፍ

የቤተ እስራኤል የትምህርት ታሪክ ከመሬት ታሪክ ተለይቶ አይነገርም። ትውፊቱ እንደሚለው ዐፄ ይስሐቅ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ የክርስትናን ጥምቀት ያልተቀበለ የአባቱን ርስት አይወርስም ብለው ዐወጁ። ፈላሻ የሚለውን ስም ከዚህ አዋጅ ጋር የሚያያይዙት ብዙዎች ናቸው፤ ርስት አልባ፣ ፈላሲ ማለት ነውና። ከዚያ በኋላ ዐፄ ሠርጸ ድንግል በ1580ዎቹ፣ ዐፄ ሱስንዮስም በ1620ዎቹ በስሜን ተራሮች ባካሄዷቸው ዘመቻዎች የቤተ እስራኤል የፖለቲካ ኃይል ተሰበረ። በጎንደር ዘመን እነዚህ ሰዎች ግንበኞች፣ ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች ሆነው ለነገሥታቱ ሠሩ። በእጃቸው ጥበብ የሚጠቀመው ጎረቤት “ቡዳ” እያለ ይሸሻቸው ነበር። ማረሻውን ከእነርሱ ይገዛል፤ ማዕዳቸውን ግን አይቀርብም።

በዚህ ሁሉ መካከል ትምህርታቸው አልተቋረጠም። ትምህርት ቤታቸው ጸሎት ቤታቸው፣ መምህራቸው ቄሱና መነኩሴው፣ የትምህርት ቋንቋቸውም ግእዝ ነበር። በትውፊታቸው የምንኵስናን ሥርዓት የመሠረቱት አባ ጽብራ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ አባት ናቸው። የሚነበበው ኦሪት፣ መጽሐፈ ኩፋሌ፣ ሄኖክና ትእዛዘ ሰንበት ነው። በየዓመቱ ከማስተሰሪያ በዓል በኋላ በ50ኛው ቀን ሕዝቡ ተራራ ወጥቶ ቃሉን የሚሰማበት የስግድ በዓል ደግሞ ማንበብ ለማይችለው ሁሉ የተከፈተ ትምህርት ቤት ነበር። በሌላው ዓለም የሚኖሩ አይሁድ የሚመሩበትን ሚሽናና ታልሙድ አያውቁም ነበር፤ ዕብራይስጥም እንዲሁ።

አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ቤተ እስራኤላውያን የሚገለገሉበት የኦሪት ብራና አንዳንድ ጊዜ በክርስቲያን ጸሐፊ እጅ የተጻፈ ነበር። ገዝተው ወስደው፣ ከእምነታቸው ጋር የማይስማማውን ፍቀው ያነቡት ነበር። በገበያና በቀዬ የተለያየው ሕዝብ በብራና ላይ ይገናኝ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቅርስ “የእነርሱ” እና “የእኛ” ብሎ ለሁለት የሚከፍል ሰው የትኛውን ግማሽ ሊያቃጥል ነው?

በደብዳቤ የተጀመረ ትምህርት

ከሩቅ አገር ጋር እውቀት መለዋወጥ ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። በ1840ዎቹ ፊሎሴኖ ሉዛቶ የተባለ ወጣት ጣልያናዊ አይሁዳዊ፣ በኢትዮጵያ አይሁድ መኖራቸውን ከዳባዲ ጽሑፍ ተረድቶ፣ ስለ እምነታቸውና ስለ ሥርዓታቸው ረዘም ያለ የጥያቄ ዝርዝር ላከ። ዳባዲ ጥያቄዎቹን ለአባ ይስሐቅ አቀረበላቸው፤ እርሳቸውም መለሱ። ሉዛቶ በ24 ዓመቱ፣ በ1854 ዐረፈ። አባ ይስሐቅን በአካል አላያቸውም። እንግዲህ በአንድ የጎንደር መንደር የሚኖሩ መነኩሴና በፓዶቫ የሚኖር ወጣት፣ በመካከላቸው ባሕርና በረሃ ሳለ፣ ስለ አንድ ኦሪት ተነጋገሩ።

ይህ ብቻ አይደለም። በ1862 አባ ሰጋ በኢየሩሳሌም ለሚገኙ አይሁድ ደብዳቤ ጽፈው፣ የመመለሻው ጊዜ ደርሶ እንደሆነ ጠየቁ። በዚያው ዘመን በአባ ማኅሪ የተመራ ብዙ ሕዝብ ቀይ ባሕርን እሻገራለሁ ብሎ ተነሥቶ፣ በረሃብና በበሽታ መንገድ ላይ አለቀ። ሕዝቡን ለዚህ ያነሣሣው አንድ ምክንያት በ1860ዎቹ በመካከሉ የገባው የፕሮቴስታንት ሚስዮን ግፊት ነበር። ሚስዮናውያኑ መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ አሳትመው ይዘው መጥተው፣ ቄሶቹን በራሳቸው ኦሪት ይሞግቷቸው ጀመር። በእጅ ጽሑፍ የኖረ ማኅበረሰብ ከማተሚያ ቤት ጋር የተጋፈጠበት የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ነው።

የዚህ ምላሽ ሆኖ በ1867 ዮሴፍ ሃሌቪ የተባለ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ከአውሮፓ መጣ። ነጭ ፈላሻ አለ ብሎ ማመን ለቤተ እስራኤላውያን አስቸጋሪ ሆኖባቸው እንደነበረ በጽሑፉ ተርኳል። ሃሌቪ በ1877 የቤተ እስራኤልን ጸሎቶች በግእዝና በዕብራይስጥ አሳተመ፤ በ1902 ደግሞ ትእዛዘ ሰንበትን አወጣ። ጸሎታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የወጣው በፓሪስ ነው። ጸሎተኞቹ ግን ያንን መጽሐፍ አላዩትም። ዛሬ የምናነሣው የመረብ ላይ ቅርስ ጥያቄ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከታምራት እስከ ዮና

የሃሌቪ ደቀ መዝሙር ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ሲመጣ የያዘው ዕቅድ የተለየ ነበር። መጽሐፍ ከመውሰድ ይልቅ ተማሪ ወሰደ። ታምራት አማኑኤልን ወደ ፓሪስና ወደ ፊሬንዜ ልኮ አስተማረው። በኋላም ወደ 25 የሚጠጉ ወጣቶች በአውሮፓና በኢየሩሳሌም እንዲማሩ አደረገ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አቶ ታምራት መሩት። ትምህርት ቤቱን የጣልያን ወረራ ዘጋው። አቶ ታምራትም ተሰደዱ፤ በ1963 በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

ከተማሪዎቹ አንዱ አቶ ዮና ቦጋለ ናቸው። በኢየሩሳሌም፣ በጀርመንና በስዊዘርላንድ ተምረው ተመልሰው በትምህርት ሚኒስቴር ሠሩ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በጎንደር አካባቢ የሚገኙ የቤተ እስራኤል የገጠር ትምህርት ቤቶችን መሩ። በዓላቱ መቼ እንደሚውሉ የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ በአማርኛ እያዘጋጁ ለየመንደሩ ያደርሱ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ትንሽ ነገር አትናቁት። በተበታተኑ መንደሮች የሚኖር ሕዝብ በአንድ ቀን አብሮ እንዲጾምና አብሮ እንዲያከብር የሚያደርግ ወረቀት፣ በዚያን ጊዜ አንድ ድረ ገጽ የሚሠራውን ሥራ ይሠራ ነበር። ልዩነቱ የተጻፈው በሕዝቡ ቋንቋ፣ በሕዝቡ ልጅ መሆኑ ነው።

በዚሁ ዐሥርት ዓመት አሥመራ ላይ የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፍቶ ነበር። በ1955 እና በ1956 ደግሞ 27 ልጆች ክፋር ባትያ ወደተባለ የእስራኤል የወጣቶች መንደር ተልከው፣ ብዙዎቹ ተመልሰው አስተማሩ። በ1973 የሴፋራዲ ዋና ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን አወጁ፤ በ1975 የእስራኤል መንግሥት የመመለስ ሕጉ እንደሚመለከታቸው ወሰነ። በዚያው ዓመት አብዮቱ ያወጣው የመሬት አዋጅ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ለቤተ እስራኤል ገበሬ መሬት አስገኘለት። ዳሩ ግን ያው መንግሥት፣ ከ1976 ጀምሮ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ሲሠራ የነበረውን ኦርት የተባለ የአይሁድ ድርጅት በ1981 አባረረ፤ የዕብራይስጥ ትምህርት ተከለከለ፤ መምህራን ታሰሩ። መሬት ሰጥቶ መጽሐፍ የሚነጥቅ አብዮት ሰውን በቀዬው ሊያቆየው አይችልም። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል 8 ሺህ ገደማ ሰዎች ወደ እስራኤል ተጓጓዙ፤ እስከ 4 ሺህ የሚገመቱት ግን በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች አለቁ። በግንቦት 1991 ደግሞ ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት፣ በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ 14,325 ሰዎች ከአዲስ አበባ ተወሰዱ።

አገር ቀየሩ፤ መጽሐፉስ?

በእስራኤል የጠበቃቸው ሌላ ፈተና ነበር። በ1985 የረቢዎች ዋና ጽሕፈት ቤት የይሁዲነት ጥምቀት ካልፈጸማችሁ አላጋባችሁም ስላላቸው፣ ለሳምንታት በደጁ ተቀምጠው ተቃወሙ። ጎንደር ላይ በጥምቀት የተነሣ ርስት ያጡት ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይም ጥምቀት ተጠየቁ። በጎንደር ገጠር የሕዝቡ አለቃና ዳኛ የነበሩት ቄሶች በአዲሱ አገር ከረቢዎቹ ሥር ሆኑ። ልጆቻቸው በትምህርት ቤት የተማሩት የረቢዎቹን ሥርዓት ነው፤ ግእዙ ከአዛውንቶቹ ጋር ቀረ። ለዚህ የመጀመሪያው ድልድይ የሆነው ሬድዮ ነው፤ የእስራኤል ሬድዮ በአማርኛና በትግርኛ የሚያስተላልፈው ዝግጅት ለቤተሰቦቹ ዜናውንም፣ ሕጉንም፣ በዓሉንም ያደርስላቸው ነበር። ስግድ በ2008 በእስራኤል ፓርላማ ሕግ ብሔራዊ በዓል ሆነ። ዛሬ በዚያ አገር የሚኖሩት የኢትዮጵያ ተወላጆች ከ160 ሺህ በላይ ናቸው።

ከዚህ በኋላ የመረቡ ዘመን መጣ። በ2013 ለሕዝብ የተከፈተው ሴፋርያ የተባለው ነጻ የመረብ ቤተ መጻሕፍት ኦሪቱን፣ ሚሽናውን፣ ታልሙዱንና የብዙ ዘመን ትርጓሜዎችን አያይዞ አቅርቧል፤ አንድ ጥቅስ ሲነኩት ባለፉት ሁለት ሺህ ዓመታት የተባለለትን ያሳያል። የእስራኤል ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም በዓለም ዙሪያ የተበተኑ የዕብራይስጥ ብራናዎችን ምስል በአንድ ማውጫ ሰብስቧል። እነዚህ ታላላቅ ሥራዎች ናቸው። ማዕከላቸው ግን የረቢዎቹ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ በር የሚከፍቱትም በዋነኛነት በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ ነው። የአንድ ወጣት ቤተ እስራኤላዊ አያት በግእዝ ሲጸልዩት የኖሩት በዚያ መደርደሪያ ላይ ጠርዝ ላይ ነው።

ይህን የተረዱ ሰዎች በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ “የኦሪት ጠባቂዎች” የሚባል መርሐ ግብር ጀምረዋል። ለማኅበረሰቡ ልጆች ግእዝና የቄሶቹን የንባብ ትውፊት ያስተምራል፤ በየቤቱ በጨርቅ ተጠቅልለው የተቀመጡ የኦሪት መጻሕፍትን ያጠናል፣ ምስላቸውን ያነሣል። በዚህ ሥራ የ15ኛው ክፍለ ዘመን የኦሪት ብራናዎች ተለይተዋል። መጽሐፉ ከባለቤቱ እጅ ሳይወጣ ምስሉ ለሁሉ እንዲደርስ ማድረግ፣ ከምስሉም ጋር አንባቢ ማፍራት፣ በእኔ እምነት ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው።

አስተውሉ፤ ማውጫ የሚጽፍ ሰው ዳኛ ነው። ስቲቨን ካፕላንና ጄምስ ክዊሪንን የመሳሰሉ የታሪክ ሊቃውንት የቤተ እስራኤል ማንነት ቅርጽ የያዘው ከ14ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ይላሉ። ማኅበረሰቡ ደግሞ እኛ የዳን ነገድ ነን፣ ከጥንት የመጣን ነን ይላል። አንዱን ብራና “የአይሁድ” ወይም “የኢትዮጵያ” በሚል ማውጫ ሥር የሚያስገባው ባለሙያ፣ ሳያውቀውም ቢሆን ከሁለቱ ለአንዱ ፈርዷል። ለዚህም ነው ማውጫውን የአገሩ ልጅ ሲጽፈው ልዩነት የሚኖረው። ከ1973 ጀምሮ የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ላይ ተቀምጠው በሺህ የሚቆጠሩትን መርምረው የመዘገቡት በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ፊልሙን ማንም ያነሣዋል፤ በውስጡ ያለውን ለመናገር ግን ግእዙን ከነዜማው፣ አገሩን ከነወንዙ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

መረቡ ሲቆረጥ

ከዚህም ሌላ የፖለቲካው ጉዳይ አለ። በጎንደርና በአዲስ አበባ ዛሬም ወደ እስራኤል ለመሄድ ተስፋ የሚያደርጉ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አሉ። ጸሎቱን በዕብራይስጥ ይማራሉ፤ ከሄዱት ዘመዶቻቸው ጋር የሚገናኙትም በስልክ ነው። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት ሳቢያ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ደብዳቤ በአንድ ቀን ታገደ። ከዚያ ቀደም ብሎ ከኅዳር 2020 ጀምሮ ትግራይ እንዲሁ ተዘግታ ነበር። አባ ሰጋ በ1862 ደብዳቤያቸውን ለመንገደኛ ሰጥተው የማንንም ባለሥልጣን ማብሪያ ማጥፊያ ሳይለምኑ ልከውታል። እኛ ግን ትምህርታችንን፣ ጸሎታችንንና ትዝታችንን ሁሉ በአንድ ቁልፍ ላይ አንጠልጥለን “ዘመንን ተሻገርን” እንላለን። በመረብ ላይ ብቻ ያለ እውቀት በመንግሥት ፈቃድ የሚኖር እውቀት ነው። ስለዚህ ወረቀቱም፣ ቃሉም፣ መምህሩም ይኑሩ እላለሁ።

ወደ ካፋ እንመለስ

“የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው” የሚባለው ለእኛ ነው። የካፋ መንግሥት በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ሲወድቅ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ በምርኮ ተወሰዱ፤ ከምርኮ ሳይመለሱም ሞቱ። ዘውዱ በዐፄ ምኒልክ አማካሪ በስዊዛዊው አልፍሬድ ኢልግ በኩል ወደ ዙሪክ ተሻግሮ፣ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ1954 ነው። ስለ መንግሥቱ ሥርዓት የተጻፈው ትልቁ መጽሐፍ ኦስትሪያዊው ፍሬድሪክ ቢበር በ1920 እና በ1923 በሁለት ቅጽ ያሳተመው ነው፤ ቋንቋውም ጀርመንኛ ነው። ንጉሡን የሚመክረው የሚክሬቾ ሸንጎ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማወቅ የሚፈልግ የቦንጋ ተማሪ በመጀመሪያ ጀርመንኛ ይማር? የቤተ እስራኤል ጸሎተኛ ጸሎቱን ከፓሪስ እንደ ጠበቀ፣ እኛም ታሪካችንን ከቪየና ስንጠብቅ ኖረናል።

ልዩነታችን ግን የባሰ ነው። የቤተ እስራኤል መጽሐፍ አንባቢ አጣ እንጂ አልጠፋም፤ በየትም ይሁን ተቀምጧል። የካፋ መጽሐፍ ግን የሚኖረው በሽማግሌ ደረት ውስጥ ነው። አንድ ሽማግሌ ሲቀበር አንድ ቅጽ አብሮ ይቀበራል፤ ምስሉን የሚያነሣው ሰው ከዚያ በኋላ ምንም አያገኝም። ካፊኖኖ ከ1990ዎቹ ወዲህ በላቲን ፊደል እየተጻፈ በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ በቋንቋው የሚያነበው የአያቱ ቃል ካልተጻፈለት ፊደሉ ባዶ ጎተራ ይሆናል።

የሚደረገው ነገር ከአቅማችን በላይ አይደለም። አንደኛ፣ በቦንጋ ዩኒቨርሲቲ የሽማግሌዎች ቃል በድምፅ እየተቀረጸ፣ በካፊኖኖ ተጽፎ፣ በአማርኛ ተተርጕሞ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ የቢበርና የዳባዲ ጽሑፎች ካፋን የሚመለከቱት ክፍሎች ይተርጐሙ። ሦስተኛ፣ ቅጂው በመረብ ላይ ብቻ ሳይሆን በቦንጋ የቡና ሙዚየምና በየወረዳው ቤተ መጻሕፍት በወረቀት ይኑር። አራተኛ፣ ማውጫውን የሚጽፉት የቋንቋው ልጆች ይሁኑ።

አምስተኛውን ለብቻው የምጽፈው ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ስለሆነ ነው። ቤተ እስራኤልን “ቡዳ” እያለ የገፋውን የሰሜን ሰው መውቀስ ለእኛ ቀላል ነው። እኛስ መንጆን ምን አደረግነው? ከማዕዳችን አራቅነው፤ ከቤታችን ደጅ አስቀረነው፤ ከሰሉን ስንፈልግ ግን በገበያ አገኘነው። የካፋን ትዝታ ስንጽፍ የንጉሡን ሸንጎ ብቻ ጽፈን የመንጆን ሽማግሌ ቃል ከተውን፣ ጎንደር ላይ የተሠራውን ስሕተት ቦንጋ ላይ በኮምፒዩተር ደገምነው ማለት ነው። የጫካውን ዛፍና የአውሬውን መንገድ ከመንጆ አዳኝ ይልቅ ማን ያውቃል? በ2010 ዩኔስኮ የካፋን ጫካ የዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ ሲመዘግበው የጫካውን እውቀት የያዙት ሰዎች ስም ከደጅ ሊቀር አይገባም።

ቤተ እስራኤል ያስተማሩን አንድ ነገር ይኸው ነው። መሬት የተነጠቀ ሕዝብ መጽሐፉን ይዞ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረ፤ ምክንያቱም በየመንደሩ የሚያነብለት ቄስ ነበረውና። ቄሱ በሌለበት ያው መጽሐፍ በጨርቅ የተጠቀለለ ብራና ሆነ። ፓሪስም፣ ቴል አቪቭም፣ ሚኒሶታም የሚችሉትን አድርገዋል፤ ብራናውን ጠብቀዋል፣ ምስሉን ከፍተውልናል። አንባቢውን ግን ሌላ ማንም ሊያፈራልን አይችልም። ያ የእኛ ሥራ ነው፤ ሽማግሌዎቹም አይጠብቁንም።

ቸር ይግጠመን።